ማዳም አቾል ሁለቴ አትጠይቅም

ሰኞ፣ የካቲት 9፤ ከጠዋቱ 1፡30

ራክሻ (የጁባ ባጃጅ) እየጠበቅኩ ነው። ንያኩሮን ሰፈር ከአሁኑ ሙቀቱ አይቻልም። ሸሚዜ ተተኩሷል፤ እስክደርስ ቀይ አቧራ ይለብሳል፣ ግድ የለም። ለመመረቅ የቀረኝ የሥራ ልምምዱ ነው፤ እሱም ሊያልቅ ይሄ ሳምንት ብቻ ቀረ። አንቺ ደብተር፣ ስሚኝ፦ ከዚያ መ/ቤት አልወጣም። ያስቀሩኛል። ማን አለ እንደ ትርሲት!

አባዬ ትናንትም ያችኑ ጥያቄውን አነሳ። ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ተምረሽ ምን ልትሸጪ ነው? ማላኪያ ሰፈር ያለው ሆቴላችን ሪሴፕሽን ላይ ቦታዬን ከወዲሁ አመቻችቷል። ስመረቅ እዚያ ገብቼ ቁልፍ ሳቀብል ልኖር። አባዬን እወደዋለሁ፣ ሆቴሉንም እወደዋለሁ። ቁልፍ ማቀበሉን ግን አልፈልግም። የራሴን እንጀራ በራሴ ጭንቅላት ነው የምበላው።

ራክሻው መጣ። ያላ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 10፤ ምሳ ሰዓት

ጉድ ፈላ። ከዩጋንዳ ያመጣነው ሽንኩርት ኒሙሌ ድንበር ላይ ቆሞ ከርሞ፣ በስብሶ ጁባ ገባ። እኛ አጓጓዦች ነን፤ ሽንኩርቱ የሐጂ ሙዘሚል ነው። እንደኛው ኢትዮጵያዊ፣ ጅምላ ነጋዴ። ቢሮ ድረስ መጥተው ጣሪያው እስኪነሳ ጮኹ። ሾፌሩ ተኝቶ ነው ይላሉ። ሾፌሩ ድንበር ላይ አላሳልፍ አሉኝ ይላል። የቢሮው ኃላፊ ደግሞ መኪናው ተበላሽቶ ነው ባይ። አለቃዬ፣ የድርጅቱ ባለቤት ማዳም አቾል፣ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች።

እኔ ግን ደስ አለኝ። (አትፍረጂብኝ።) ይሄ እኮ የሁለተኛ ዓመት ኮርሳችን ነው! አንድ ድርጊት፣ ሦስት ወሬ። ማን በዓይኑ አየ? ማን ከሰው ሰማ? ማን ቢዋሽ ምን ያገኛል? መምህራችን ዶ/ር ላዶ ስለ ጥንት ነገሥታት ያንን ሁሉ የለፈለፈው ለካ ለሽንኩርት ኖሯል። ማዳምን፣ እኔ ልያዘው አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና እሺ አለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 11፤ ማታ

አገኘሁት። ጥፋቱ የኛው ነው። መኪናው መድረሱን ድንበር ላለው ጉምሩክ አስጨራሽ ወኪላችን ከቢሮ የደወለለት የለም። ሾፌሩ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ጠበቀ፣ ሽንኩርቱም አብሮት። ሾፌሩ የነገረኝን ወኪሉም ሳያውቅ ደገመልኝ። የቢሮው ኃላፊማ ከወንበሩ ሳይነሳ ነው ያወራው።

ለአለቃ ጥፋቱ ካንቺ ቢሮ ነው ማለት ቀላል እንዳይመስልሽ። ግን አልኩት። ማዳም አላቋረጠችኝም። ሰምታ ስትጨርስ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች፣ ሐጂ ሱቅ አብረን ሄድን። እኔ በአማርኛ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ሳላሳምር፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። ሐጂ መጀመሪያ ተቆጡ። ቀጥሎ የማን ልጅ ነሽ አሉ። ቀጥሎ ሻይ አዘዙ። ወደ ሌላ አጓጓዥ አይሄዱም! ስንመለስ ማዳም መሪውን እየመታች ታማም፣ ታማም (ግሩም፣ ግሩም) ትላለች።

ዛሬ ራሴን በጣም ወደድኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 13፤ 11 ሰዓት

ጠየቀችኝ። ጠየቀችኝ! እኔ ግን… ቆይ፣ በሥርዓቱ ልጻፈው።

ቢሮዋ ጠራችኝ። ልምምድሽ አለቀ፣ ደንበኞቼን የሚያነጋግርልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ትቆያለሽ ወይ? አለች። ልቤ ዘለለች። አፌ ግን ምን አለ? አይ፣ እኔ ምኑን ችዬው፣ ከኔ የተሻለ አታጪም። በእንግሊዝኛ! ፈገግ ብዬ! ልክ ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልኝ እንደምለው። መጀመሪያ ግድ የለም፣ በልቻለሁ ይባላል። ከዚያ ባለቤቱ በሞቴ ይላል። ከዚያ እጅ ይታጠባል። እንዲህ አይደል ያደግነው?

ማዳም፣ ኦኬ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ አለች። እጄን ጨብጣ አመሰገነችኝ፣ ስልኳን አነሳች። እኔ እዚያው ቆሜ በሞቴን እጠብቃለሁ።

ለአባዬ ነገርኩት። ደግ አደረግሽ አለኝ፤ የጨዋ ልጅ በአንድ ቃል ዘላ አትቀበልም፣ ሴትዮዋ ደግማ ትደውላለች። እሱም ያው ነው፤ በእሱ ነው የወጣሁት።

እሑድ፣ የካቲት 15

አልደወለችም። ትናንትም፣ ዛሬም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሐሳቤ ስልኬ ላይ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 16፤ ከሰዓት

ጠዋት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዶ/ር ላዶ ጋር የመጨረሻው የሙያ ዝግጅት ክ/ጊዜ። የክፍል ጓደኛችን የፒተር ቦታ ባዶ ነው። ዶ/ር ላዶ ፊቱ በርቷል፤ ማዳም አቾል ሌላ ተማሪ ላክልኝ አለችኝ፣ ፒተርን ላክሁት አለ። ትርሲት አልፈልግም ስላለች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ ነደደ።

ሲያልቅ ተከትዬው ወጥቼ ነገርኩት። ሲስቅ፣ ሲስቅ! ከዚያ ሳቁን ዋጠ። ሲቪ አጻጻፍ አስተማርኩ፣ ቃለ መጠይቅ አለማመድኩ፤ ሲሰጧችሁ ተቀበሉ ማለት ግን አልታሰበኝም አለ። ሂጂ፣ አሁኑኑ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። እኔ ግን ላሸው ሄድኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ!

ያለቀጠሮ ገባሁ። ሰላምታው ሳያልቅ ሥራውን እፈልገዋለሁ አልኳት። ዓርብ አልፈልግም አልሽ አለች። ባህሉን አስረዳኋት፤ እኛ ጋ የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም፣ ጋባዡ መለመን አለበት። አፍጥጣ አየችኝ። እንዲህ ነው ያለችው፦

«ትርሲት፣ እኔ ሰው የምጠይቀው አንዴ ነው። አይ ካለኝ አምነዋለሁ። አንቺን ያመንኩሽ ለዚህ አይደል?»

እውነቷን ነው። ለሽንኩርቱ እውነት የተናገረ አፍ ለራሱ ዋሸ።

የጁባው ቦታ ተይዟል። ዛሬ ጠዋት፣ በፒተር። አሁን የቀራት ኒሙሌ ነው፤ ድንበር ላይ ተቀምጦ መኪና የሚቀበል፣ ሾፌርና ነጋዴ የሚያነጋግር ሰው። አቧራ፣ ጩኸት፣ የኪራይ ክፍል። ከቤት ርቆ። ትሄጂያለሽ? አለች።

አዎ። ቃሉ ከአፏ ሳይወርድ አልኩት። በሚቀጥለው ሰኞ ጀምሪ አለችኝ።

እዚያው ሰኞ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ደስ ብሎኛል። ያን ድንበር ከኔ የተሻለ የሚይዘው የለም፤ ይሄን ያለይሉኝታ ነው የምጽፈው።

አባዬ አሁን ከሆቴል ገባ፣ ድምፁ ይሰማኛል። ገና አያውቅም። ሲሰማ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ድንበር? ይላል። ለማን ብዬ ነው የደከምኩት? ይላል፤ ይሄኛው ነው የሚያመኝ። ሎሎጎ ሰፈር ያለች ጓደኛዬ ቤት ለመሄድ እንኳ እሱን ሳልጠይቅ ወጥቼ አላውቅም።

ትርሲት ብሎ እየጠራኝ ነው።

አላስፈቅደውም። እነግረዋለሁ።