ስለ ጸደቀው ዛፍና ገና ስላልጸደቁት ጎረቤቶቹ

ይድረስ ለተከበሩ የ«ጥላ ለሁሉም» የችግኝ ተከላና የከተማ ደን በጎ አድራጎት ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቢሮዎ ምንም ነገር ያላዘመመበት ጠንካራ ጣሪያ እንዳለው በዓይኔ ስላየሁ፣ ደኅና መሆንዎን አልጠራጠርም። እኛም ይህ ደብዳቤ እስከሚጻፍበት ሰዓት ድረስ ደኅና ነን። ደብዳቤዬ የሚወጣበት ጋዜጣ እስከሚታተምበት ሰዓት ግን ቃል መግባት ስላልቻልኩ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ እሱን የሚያውቀው ነፋሱ ነው።

እኔ በማኅበርዎ ክልል የምኖር ሰዓት ሠሪ ነኝ። ከቤታችን የፊት በር ሦስት እርምጃ ርቆ አንድ ባሕር ዛፍ ቆሟል። «ቆሟል» ያልኩት ለዛፉ ክብር ስል ነው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ውስጡን ምስጥ ጨርሶት ግንዱን ሲያንኳኩት እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ጫፉን ወደ ጣሪያችን እያዘነበለ ነው። ከጣሪያው ሥር ያለችው እናቴ ናት። ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ስለተሰበረ፣ ሐኪሟ ለሁለት ወር ከተኛችበት ንቅንቅ እንዳትል፣ ካንቀሳቀሳችኋትም በቃሬዛ ቀጥ አድርጋችሁ ተሸከሟት ብሎናል። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው። ጉዳዬ ይኸው ብቻ ስለሆነ ቢሰለቹ እዚህ ላይ ማቆም ይችላሉ፤ ቀሪው ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ማመልከቻዬን በሦስት ሳምንት ውስጥ ስላጸደቁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ቤታችን ላይ ያዘመመው ዛፍ ሳይወድቅብን ይቆረጥልን» ብዬ በጻፍኩት ወረቀት ራስጌ ላይ፣ በራስዎ እጅ፣ በዚያ በሚያምር ሰማያዊ ቀለም «ጸድቋል» የሚል ቃል ከነፊርማው ሰፍሮ ሳየው፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ግንባር ልስም ምንም አልቀረኝ። ወረቀቱ ግን ከጠረጴዛዎ ተነሥቶ የሄደው ወደ ቆራጮቹ ሳይሆን ወደ ችግኝ ክትትል ክፍል ነበር። የክፍሉ ባልደረቦች ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች በመሆናቸው «ዛፍ» የሚለውንና «ጸድቋል» የሚለውን ሁለት ቃል ብቻ ለቅመው፣ በመካከል ያለውን የእኔን ጭንቀት እንደ አረም ነቅለው ጣሉት። በዚህም መሠረት እኔን ሲያሳድግ የኖረው ባሕር ዛፍ በዘንድሮው ተከላ ተተክሎ ሥር የያዘ ችግኝ ተብሎ በቁጥር 418 ተመዘገበ። በመንገዳችን ዳር የተከላችኋቸው ሃያ ስድስት ችግኞች አንድም ሳይቀሩ ደርቀው ስለነበር፣ ይህኛው መጽደቁ ለሪፖርታችሁ የሰጠውን እፎይታ እረዳለሁ።

ስሕተቱን ላስረዳ ተመልሼ ብሄድ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በትሕትና አዳመጠችኝ፤ መዝገቡን ገልጣም «ጸድቋል» የተባለ ችግኝ ከመዝገብ የሚሠረዘው «ደርቋል» ሲባል ብቻ መሆኑን በጣቷ እያመለከተች አስረዳችኝ። ቢወድቅስ አልኳት። «ከወደቀማ ቀላል ነው አባባ» አለችኝ፤ «የወደቀ ዛፍ ማሳወቂያ ቅጽ አለን፤ እርስዎ ራስዎ በአካል ቀርበው ይሞላሉ።» በአካል መቅረብ ካልቻልኩስ ልላት አስቤ ጉሮሮዬ ደረቀ። ከሃያ ስድስቱ ችግኞች ቀጥሎ በማኅበራችሁ እጅ የደረቀ ሃያ ሰባተኛው ነገር መሆኑ ነው፤ ቢመዘገብልኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ አጥሩ። ለጋ ችግኝን ፍየል እንዳይበላው ማጠር የተመሰገነ ልማድ ነው። ከሁለት ፎቅ በላይ የሚረዝም ባሕር ዛፍ የሚበላ ፍየል በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም፤ ቢኖርማ ኖሮ ማመልከቻዬን የማስገባው ለእሱ ነበር። ደንባችሁ ከግንዱ ዙሪያ ሦስት እርምጃ ይታጠር ስለሚል፣ ዛፉም ከበራችን ሦስት እርምጃ ስለሚርቅ፣ አጥራችሁ መጥቶ ያረፈው በራችን ላይ ነው። በሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈት አሁን የሚከፈተው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ሆኗል። እኔ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ በጎን እወጣለሁ፤ ባለቤቴ «ሆድህ ቀነሰልህ» እያለች ታሾፋለች፤ ለዚህም እናመሰግናለን። ቃሬዛ ግን በጎን አይወጣም። በጓሮ በኩል ያለው በር ጠባብ ሲሆን ወዲያው ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ደረጃ አለው፤ ባዶ ቃሬዛ ተውሰን ሞክረን ከመታጠፊያው ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ስለዚህ ከአጥሩ አንዲት ሚስማር ብቻ ብነቅል፣ በማግስቱ «ለጋ ችግኝ ላይ ጉዳት ለማድረስ በመሞከር» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ማስጠንቀቂያውን ያመጣው ጥበቃ ወረቀቱን የሰጠኝ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ነው፤ ወደ ችግኙ መጠጋት ፈርቶ።

ሦስተኛ፣ ውኃው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የማትቀረው የውኃ መኪናችሁ የሥራ ትጋት ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች አርአያ ይሁን። ውኃ አጠጪያችሁ ደግ ሰው ነው፤ የራስ ቁር አጥልቆ፣ ረጅሙን ጎማ ይዞ፣ ከማዶ ቆሞ ሥሩን ያረሰርሰዋል። መሬቱ ጭቃ ከሆነ ቆየ። ባለፈው ሐሙስ ከግንዱ ወዲያ፣ በመንገዱ በኩል፣ እጄን እስከ አንጓዬ የሚያስገባ ስንጥቅ መከፈቱን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና ጎማውን ዘጋ፤ ወዲያው ደግሞ የታዘዘው ሁለት በርሜል መሆኑ ትዝ ብሎት መልሶ ከፈተው። «ጋሼ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለኝ ዓይኔን ሳያይ፤ «ግን በእርስዎ ቦታ ብሆን እዚህ ቤት አላድርም።» በማኅበራችሁ ውስጥ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ እንዳትቀጡት ስል እማጸናለሁ።

ጎረቤቴ ግንበኛ ነው። ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለካበትን ቱንቢውን፣ ያንን ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን ሲባጎ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ግንዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ላይ አንጠልጥሎ ብረቱ መሬት ከሚነካበት እስከ ግንዱ ሥር ያለውን ይለካል። መጀመሪያ ሲለካ አንድ ክንድ ነበር። ከሁለት ሳምንት ውኃ በኋላ ክንድ ከስንዝር ሆነ። ድሮ ሲለካ ይቀልድ ነበር፤ ትናንት ግን ሲባጎውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የፈታሁትን ሰዓት መልሼ መግጠም ትቻለሁ። ግድግዳዬ ላይ አሥራ አራት ሰዓቶች ይቆጥራሉ፤ እኔ ግን የምሰማው ውጭ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሲጥ የሚለውን ግንድ ነው። በሁለት ሲጥታ መካከል ትንፋሼን እይዛለሁ። ዘንድሮ ሙያዬ ይኸው ሆኗል።

እናቴ ግን ከእኔ ይልቅ ጨዋ ናት። በመስኮቱ እያየችው «ይሄ ዛፍ ሰው አክባሪ ሆኗል፤ በየቀኑ ዝቅ ይልልኛል» ስትል ባለቤቴን አሳቀቻት። ባለቤቴ ወጥታ ሁለታችን ስንቀር ግን እጄን ያዘችና «አንተ በጓሮ መውጣት ትችላለህ» አለችኝ፤ «ሲመጣ ሩጥ። እኔን ላንሣ ብለህ እንዳትቆም፣ አደራህን።» ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ብዙ ደንብ አላችሁና፣ አንድ ልጅ ለዚህ የሚመልሰው መልስ በየትኛው አንቀጽ እንደተደነገገ ቢጠቁሙኝ እወዳለሁ። እኔ ትራሷን አስተካከልኩላት።

አራተኛ፣ ስለ ቅዳሜው ክብር። ቁጥር 418 የዓመቱ ሞዴል ችግኝ ሆኖ ስለተመረጠ ከእንግዶች ጋር መጥተው ከጥላው ሥር የምስክር ወረቀት እንደሚሰጡን፣ ለዚሁም ወንበር እንድናዘጋጅ የሚያዝ ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል። ወንበርዎ ተዘጋጅቷል። ግንበኛው ቦታውን በቱንቢው ለክቶ በኖራ ምልክት አድርጎበታል፤ ከዚያ ነጥብ የተሻለ ጥላ የትም አያገኙም። እኛ በትሕትና ከመንገዱ ማዶ ሆነን እናጨበጭባለን።

ማዶ የምንሆንበትን ምክንያት ሳላስታውቅ ብቀር ግን ነውር ነው። ይህ ጋዜጣ በሚወጣበት ረቡዕ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሐሙሱ ውኃ ሳይደርስ፣ እኔና ግንበኛው መጋዝ ይዘን የማኅበሩን አጥር በበራችን ልክ እንቆርጣለን። ቃሬዛውን ከፊት ባለቤቴ ትመራለች። እናቴን ቀጥ አድርገን፣ በፊት በራችን፣ በቀን ብርሃን እናወጣታለን። ከዛፉ ሥር ለማለፍ ሰባት እርምጃ ያስፈልጋል፤ ባዶ ቃሬዛ ይዘን ስንለማመድ ሁለቴ ስለተደናቀፍኩ ዘጠኝ ብዬ ይዣለሁ። ለጥበቃው ይነገረው፤ ሊከለክለን ከፈለገ ግን እንደ እኛ ከዛፉ ሥር መጥቶ ይሁን። ይህን የምጽፈው ፈቃድ ለመጠየቅ እንዳይመስልዎ። ፈቃድ ብጠይቅ ሊሰጡኝ ይችላሉ ብዬ ፈራሁ።

ለማኅበርዎ ልምላሜን፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜንና ቀጥ ያለ ጥላን እየተመኘሁ፣ ከዛፉ በማያንስ ዝቅታ እጅ እነሣለሁ።

የመዝገብ ቁጥር 418 የበታች ጎረቤት፣
ሰዓት ሠሪው፣ ከነእናቱና ከነባለቤቱ

ማስታወሻ፦ ይህን አንብበው ሲጨርሱ እንደ ልማድዎ ያንን ሰማያዊ ብዕር ያነሡ ይሆናል። በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ ራስጌው ላይ «ጸድቋል» ብለው እንዳይጽፉበት። ከግርጌው ያለነው እኛ ስለሆንን፣ ችግኝ ክትትል ክፍል ጸድቀዋል ብሎ የሚመዘግበው እኛን ነው፤ እኛ ደግሞ ለመጽደቅ ገና አልተዘጋጀንም።