ብሎኗ ተነክቶ የማያውቅ ሽጉጥ

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ድርቆሽ አጨድኩ። ግማሹን። ነፋሱ አላስቆም አለኝ።

ከሰዓት በርል መጣ። አዲስ ሽጉጡን ሊያሳየኝ። አርባ ዓመት አጥር ተዋስነን ኖረናል፣ አዲስ ነገር በገዛ ቁጥር መጀመሪያ የሚያቃጥለው እኔን ነው። እንደ ሠርግ ማንኪያ ታብረቀርቃለች። እጀታዋ ነጭ፣ አፈሙዟ ላይ የወይን ሐረግ የተቀረጸባት። ሞላዋን አስቀጥኗል፣ መዶሻዋን አስቀይሯል፣ ምላጯን አስሞርዷል።

"ቅቤ ናት" አለ። "ባዶ ናት፣ አቀባብላት እስቲ።"

ባዶ መሆኗን አይቼ አቀባበልኳት። እውነትም ቅቤ። አልነገርኩትም።

ከአባቴ የወረስኳትን አውጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኳት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ። ሁለቱም ስድስት ጎራሽ። ሁለቱም ለእያንዳንዱ ጥይት መዶሻዋን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ካልሳብክ የማይተኩሱ። ከዚያ ወዲያ ምን ያገናኛቸዋል? የኔዋ ቀለሟ አባቴ ወገብ ላይ አልቋል። ስትቀባበል አራት ጊዜ ትናገራለች... ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የሱ ሁለት ብላ ዝም።

"ይህቺ ብሎኗ ተነክቶ አያውቅም" አልኩት።

"መቶ ጊዜ ነግረኸኛል።"

"ያለሰለሳት የአባቴ እጅ ነው። ካቻቪቴ አይደለም።"

"አንተ ሽማግሌ፣ መቃብርህ ላይ ይህንኑ ነው የምናጽፍልህ።"

ብታጽፉልኝስ?

ሐሙስ፣ ጁን 13

አውራ ጣቴ አብጣለች። ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ ነበር። አልመጣም።

እሑድ፣ ጁን 16

ይህን ደብተር ባለቤቴ ኔልዳ የገዛችው ላሞቹ የሚወልዱበትን ቀን ልትጽፍበት ነበር። ሦስት ገጽ ጻፈችና ሞተች። ሦስት ዓመት ሆነው። የቀረውን እኔ እሞላዋለሁ። ፊደል ሲጠፋብኝ ገልጬ የሷን አያለሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ለወጣ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የት ይገኛል?

የሷ ሽጉጥ መሳቢያው ውስጥ አለች። ከኔዋ ጋር አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት። እጀታዋን ለትንሽ እጇ አስከርክማው ነበር፣ እኔ ስይዛት ትንሿ ጣቴ ማረፊያ ታጣለች። መዶሻዋንም ዝቅ ያለና ሰፊ አስደርጋዋለች። "የሴት ሽጉጥ" እያልኩ አሾፍባት ነበር።

"ወንበር ነው እንዴ ያስገጠምሽባት?"

"ዝም ብለህ ሳቅ" ትለኝ ነበር። "አንድ ቀን ትቀመጥበታለህ።"

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

ዛሬ አልጽፍም።

እሑድ፣ ጁላይ 7

እንግዲህ ልጻፈው። ማን ያየዋል...

ትናንት የተኩስ ልምምድ ነበር። እንደ ደንቡ አምስት ጥይት አጎረስኳት፣ ከመዶሻዋ በታች ያለውን ስድስተኛውን ቤት ባዶ ተውኩ። አባቴ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። ሁለት የብረት ዒላማ መታሁ። ሦስተኛውን ላቀባብል ስስብ መዶሻዋ ከአውራ ጣቴ ሾለከች። ጓ። አንድ እርምጃ ፊት ለፊቴ አፈሩ ተነሣ። ጫማዬ ላይ አረፈ።

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ የሚሳደብ እንኳ ቢጠፋ።

የተኩስ መስመሩ አለቃ ዊልዳ ናት። ከኔልዳ ጋር ጎን ለጎን ስትተኩስ የኖረች ሴት። ቀስ ብላ መጣች።

"አንስል፣ አራግፋትና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣት።"

"አንዴ ነው ያመለጠችኝ።"

"አንዴ ይበቃል። ለዛሬ ከመስመር ወጥተሃል።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሴፕቴምበር ላይ መተኮስ ከፈለግህ አስቀድመህ እፊቴ አምስት ትተኩሳለህ። ያኔም ካመለጠችህ የምትታጠፍ ወንበር ይዘህ ና። ከተመልካች ጋር ትቀመጣለህ።"

የሴፕቴምበሩ ውድድር ከተጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። አንድም ቀርቼ አላውቅም። ኔልዳን በቀበርኩ በሦስተኛው ሳምንት እንኳ ሄጃለሁ። ወንበር ይዤ?

ዓርብ፣ ጁላይ 19

ባዶዋን ሃያ ጊዜ አቀባበልኳት። ስምንቴ አመለጠችኝ። መዶሻዋ ረጅምና ቀጭን ናት፣ ጣቴ ደግሞ እንደ ድሮው አይታጠፍም። ሐኪሙ "እርጅና ነው" አለ። ይህን ለመስማት ሰባ ማይል ነዳሁ።

በርል ስጋና ባቄላ ይዞ መጣ። መዶሻዋ ስታመልጠኝ አየ።

"የኔን ውሰድ። ለዚያች አንድ ቀን።"

"የሰው ጥርስ ተውሼ ሥጋ አልበላም።"

"እንግዲያውስ ያንተኑ መዶሻ አስቀይር።"

"ብሎኗ..."

"ተነክቶ አያውቅም። አውቃለሁ። ብሎኑን ታቅፈህ ወንበርህ ላይ ተቀመጣ።"

ተቆጥቶ ሄደ። ሳህኑን ግን ትቶልኝ ነው የሄደው።

እሑድ፣ ጁላይ 28

የኔልዳን አወጣሁ። ሃያ ጊዜ አቀባበልኳት።

አንድም አላመለጠችኝም።

መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኳት። ለአንድ ሰዓት ያህል ጥጆቹን ሳይ ቆየሁ።

ዓርብ፣ ኦገስት 2

ሁለቱንም በፎጣ ጠቅልዬ ዴሎራ ጋ ሄድኩ። ጠመንጃ ሠሪ ናት። ሙያው የአባቷ የኦሪን ነበር፣ እሱ ከሞተ ጀምሮ ሱቁን የያዘችው እሷ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ እጇ ግን አባቷ ነው።

"የዚህችን መዶሻ እዚህች ላይ" አልኳት። "ሌላ ምንም እንዳትነኪ። እስከ ዛሬ ብሎኗ ተነክቶ አያውቅም።"

"እሺ፣ አቶ ትሩት። እዚሁ ይቀመጡ፣ እያዩኝ ልፍታት።"

ብሎኖቹን አንድ በአንድ አላላች። እንደ ቅባት ነው የወጡት። መቶ ዓመት ያልተነካ ብሎን እንዲህ ይወጣል እንዴ? ይህን ያሰብኩት አሁን ነው፣ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር የማየው። የእንጨት እጀታውን አወጣችና ውስጡን ወደ መብራቱ አዞረች። ጠጋ ብላ ደግማ አየችው።

"ምን ሆንሽ?"

"አቶ ትሩት... ይህቺ ተፈታ ታውቃለች።"

"አባቴ አልፈታትም።"

"አባትዎ አይደሉም። አባቴ ነው።"

እጀታውን ሰጠችኝ። ጠመንጃ ሠሪዎች የሠሩትን ነገር ከእጀታው ውስጥ በእርሳስ ይጽፋሉ፣ ቀጥሎ የሚፈታው እንዲያውቅ። የኦሪን ጽሑፍ ነው። ቀስ ብዬ አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ።

ሞላው ቀጥኗል። የምላጩ ጥርስ ለስልሷል። ለኔልዳ ትሩት። ሜይ 1996። ባልየው እንዳይሰማ።

"ውሃ ላምጣልዎት?" አለች ዴሎራ።

"ሥራሽን ሥሪ" አልኳት። አሁን ሳስበው ክፉ አነጋገር ነው። ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 3

1996... ፌብሩዋሪ አካባቢ አንድ ወይፈን በገመድ ስጥል አውራ ጣቴ በገመዱና በሚጠመጠምበት የኮርቻ ቀንድ መሃል ገባች። ተሰበረች። እስከ ጸደይ ሽጉጤን ማቀባበል አቃተኝ። ሳህን ወርውሬያለሁ። ኔልዳ ስብርባሪውን ለቅማ ምንም አላለችም።

ከዚያ ሜይ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ይዣት ብወጣ እሺ ትላለች። ለሰለሰች። ጣቴ የዳነች መሰለኝ። ሐኪሙ ጋ ሄጄ "ያለ አንተ ድኛለሁ" ብዬዋለሁ። ለበርልም፣ ለሰው ሁሉ... የአባቴ እጅ ያለሰለሳት።

ሃያ አምስት ዓመት፣ እስክትሞት። እፊቷ ቆሜ ስጎርር ትሰማኛለች። አንዴ እንኳ አፏን ብትከፍት?

አልከፈተችም። ያንን ሁሉ ጊዜ መሳቋን ብቻ ነው የማስታውሰው። በኔ ነበር የምትስቀው?

አይመስለኝም። ታውቀኝ ነበር። ብትነግረኝ ሞላውን አስመልሼ ጣቴን ድጋሚ እሰብር ነበር።

ዓርብ፣ ኦገስት 9

ዴሎራን ይቅርታ ጠየቅኳት። "የአባቴን ምላስ የለመድኩ ነኝ" ብላ ሳቀች።

መዶሻዋ ገብታለች። የወጣችውን የአባቴን መዶሻ የኔልዳ ሽጉጥ ላይ ገጥማልኛለች። ሁለቱም ሥራ ይዘው ይኑሩ ብዬ ነው።

እጀታውን ከመግጠሟ በፊት "እርሳስ ስጪኝ" አልኳት። ከኦሪን ጽሑፍ በታች ጻፍኩ። ፊደሌ ጠማማ ነው፣ ግን ይነበባል። መዶሻዋ ተቀይራለች። የኔልዳ ናት። ኦገስት 2024። ባልየው ሰምቷል።

ዴሎራ አነበበችው። ፊቷን አዞረችና ካቻቪቴ ትፈልግ ጀመር። ካቻቪቴው እጇ ላይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 17

ዊልዳ ፊት አምስት ተኮስኩ። አምስት ብረት። መዶሻዋን አየች፣ እኔን አየች።

"ይህቺን አውቃታለሁ" አለች።

"ታውቂያታለሽ።"

ስሜን መዝገቡ ላይ ጻፈች።

በርል እስካሁን አላወቀም። ልንገረው? ባልነግረው ማንም አያውቅ። ዴሎራ ከአፏ አይወጣም...

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14

ሃያ ጥይት። ሃያ ድምፅ። አንድም አልሳትኩም።

በፍጥነት ከሆነ ከሠላሳ ሰባት ሰው ሠላሳ አምስተኛ ነኝ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ቢሆን እንኳ ትቀድመኝ ነበር። ግን ምንም ያልሳቱትን ስም ሲጠሩ አራት ሰው ነው የቆመው፣ አራተኛው እኔ ነኝ። በርል በዚያች ማንኪያው ሦስት ስቷል። እየደጋገምኩ ጠየቅኩት፣ ስንት ሳትክ? ያልሰማሁ መስዬ።

ምሳ ላይ ከሌላ አውራጃ የመጡ ሰዎች ከበቡን። ሽጉጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር። በርል ገና ሳይጠይቁት ጀመረላቸው።

"እዩዋት። አባቱ እንደተዋት ናት። ብሎኗ ተነክቶ አያውቅም። እሱ ሳይነግራችሁ እኔ ልገላግላችሁ ብዬ ነው።"

ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅ እችል ነበር። ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

"አይደለችም" አልኩ።

"ምን?"

"አባቴ እንደተዋት አይደለችም። ኔልዳ እንደተወቻት ናት። 1996 ላይ ጣቴ ሲሰበር ደብቃ ኦሪን ጋ ወስዳ አስፈታቻት። ሞላውን አስቀጠነችልኝ፣ እጀታው ውስጥ ተጽፏል። መዶሻዋም የሷ ናት፣ ያቺ የማሾፍባት።"

በርል ሹካውን አስቀመጠ። መዶሻዋን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳያት ሁሉ ጎንበስ ብሎ።

"ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በሚስትህ ሥራ ነው ስትጎርርብኝ የኖርከው?"

"አዎ።"

"እና አሁን አፍህን ልትዘጋልኝ ነው?"

"ምን ቆርጦኝ። አሁን ነው የምጎርረው። ከዚህ ሁሉ ሰው ሽጉጥ ውስጥ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበት የማን ነው?"

ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አደረገ።

"ጥሩ ሴት ነበረች" አለ። ቀጥሎም፣ "አንተን ግን እንዴት ቻለችህ።"

እሱን እኔም አላውቅም።

ቤት ገብቼ አጸዳኋት። ባዶዋን አንዴ አቀባበልኳት። አሁንም አራት ጊዜ ትናገራለች። አውራ ጣቴ ሰፊዋ መዶሻ ላይ አርፋ ቀረች፣ ለማንሳትም አልቸኮልኩም።

ተቀምጬበታለሁ፣ ኔልዳ። ይመቻል።