ጋሽ ደምሴ ይነሣልኝ ያሉት ጽሑፍ

ወንድሜ ሙላቴ፣

እንደምን ከርመሃል? የጂንካ ሙቀት ተስማማህ ወይስ አሁንም የደብረ ታቦርን ብርድ ታስባለህ? ማህሌትን ወገቧን ያማት የነበረው ተሻላት? ልጃችሁ ምሕረትአብስ መራመድ ጀመረ? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። እማዬን ክረምቱን ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ፀሐይ ከወጣ ወዲህ አንድም ቅዳሴ አልቀረባትም። ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል፤ የዘንድሮው ደስ ይላል። ናፍቆትህ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ባለፈው ስለ ክርስትና አባትህ ስለ ጋሽ ደምሴ በስልክ ጀምሬልህ መስመሩ ተቆረጠ። የመሥሪያ ቤትህ ሰው ሀብታሙ ዘመዶቹን ጠይቆ ሊመለስ ስለሆነ፣ ነገሩን ከእኔው እንድትሰማው ብዬ ጽፌ በእጁ ልኬልሃለሁ።

ከመዛወርህ በፊት የከተማችንን ድረ ገጽ ስታስረክበኝ፣ ሰው ስለገዛበትና ስለተገለገለበት ቦታ የመሰለውን ይጻፍ፣ ያንቺ ሥራ መጠበቅ ነው ብለኸኝ ነበር። መጠበቅ ቀላል መስሎኝ ነበር። ይኸው የምግብ ቤቱም፣ የፀጉር ቤቱም፣ የወፍጮ ቤቱም ባለቤት «ይህ ጽሑፍ ይነሣልን» እያለ እምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ ይመጣል። መልስዎን ከሥሩ ይጻፉ እላቸዋለሁ። አኩርፈው ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ በሳምንቱ ተመልሰው ይጽፋሉ።

በሐምሌ መጨረሻ ጋሽ ደምሴ መጡ። አቶ ይርጋ የሚባሉ የጋፋት ገበሬ፣ ከእሳቸው ሱቅ የገዙት የድንች ዘር ከግማሽ በላይ ሳይበቅል እንደቀረ በልጃቸው ስልክ አስጽፈው ነበር። መጨረሻው ላይ «ደምሴ መበላሸቱን እያወቀ ነው የሸጠልኝ» ይላል። ጋሽ ደምሴ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ደብዳቤ ጻፊልኝ» አሉኝ። ለማን ነው ብላቸው «ለድረ ገጹ ኃላፊ» አሉ። «ጋሼ፣ ኃላፊዋ እኮ እኔ ነኝ» አልኋቸው። «አውቃለሁ፤ ነገሩ በወግ ይሁን ብዬ ነው።» ስለዚህ ለራሴ የሚሰጥ ማመልከቻ በገዛ እጄ ጻፍሁ። ፈርመው፣ የሱቃቸውን ማኅተም አድርገው አቀበሉኝ። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት።

እማዬ ማታውኑ ሰማች። «ልጄን ክርስትና ያነሣልኝን ሰው ባደባባይ ታሰድቢዋለሽ?» ብላ አለቀሰች። ካንተ አልደብቅም ሙላቴ፣ በነጋታው ጽሑፉን አነሣሁት።

በሁለተኛው ቀን ከአቶ ይርጋ ልጅ መልእክት ደረሰኝ። «አባቴ ጽሑፋችን የት ገባ እያለ ነው። ውሸት ከሆነ ውሸት ነው በሉን» ይላል። የአንዱን አቤቱታ በማኅተም ተቀብዬ የሌላውን ሳልጠይቀው አጥፍቼበታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄጄ ቀሪውን በእግሬ ጭቃውን እየረገጥሁ ጋፋት ደረስሁ። አቶ ይርጋ ማሳቸውን አሳዩኝ። በአንዱ መስመር ሦስት ቡቃያ ብቅ ብሏል፣ ከዚያ ረጅም ባዶ ነው። ጎንበስ ብለው ቆፈሩና ጠቁሮ የላሸቀ ድንች መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጽሑፉን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኋቸው። የእጃቸውን አፈር አራገፉና «አየሽው አይደል? ማየትሽ ይበቃኛል» አሉኝ።

ከዚያው ሳልውል ሳላድር ጋሽ ደምሴ ቤት ገባሁ። ያየሁትን ስነግራቸው አልተቆጡም። ተነሡና ጓሯቸውን አሳዩኝ። እሳቸውም ከዚያው ጆንያ ዘር ተክለው ኖሯል፤ መደቡ ባዶ ነው! «ባውቅ ኖሮ ለራሴ እተክለው ነበር?» አሉ። እንዲያ አንገታቸውን ደፍተው አይቻቸው አላውቅም። ዘሩን ያስቀመጡበትን ክፍል ሲከፍቱልኝ ጨለማ ነው፤ ጆንያ በጆንያ ላይ ተደራርቦ ሽታው ያፍናል። የግብርና ባለሙያው ዘሩ ብርሃንና አየር እንደሚፈልግ ነግሯቸው ነበር። ቦታ ጠበበኝና ቸል አልሁ አሉኝ።

ለአቶ ይርጋ ደውዬ «እያወቀ» የምትለዋን ነገር አነሣሁባቸው፤ የጓሮውንም ነገርኋቸው። «የልቡን አላየሁም፤ እሷ ትውጣ። ያልበቀለው ግን አልበቀለም» አሉ። እንዳሉት አደረግሁ፤ ያቺን አወጣሁና ሌላውን ወደ ቦታው መለስሁት።

ጋሽ ደምሴ ጽሑፉ መመለሱን ሲያዩ አኮረፉ። ለቡሄ ቤታችን ሳይመጡ የቀሩት ዘንድሮ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። እማዬም እስከ ፍልሰታ ፍቺ ከሰላምታ በቀር አላነጋገረችኝም። ያን ሰሞን ድረ ገጹን ለሌላ ሰው አስረክቤ ልገላገል ብዬ አስቤ ነበር።

መስከረም በገባ በሳምንቱ ጋሽ ደምሴ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። «መልሴን ጻፊልኝ» አሉ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍሁ፦ «ዘሩ አልበቀለም። አያያዜ ጥፋት ነበረበት። ከእኔ የገዛ ሁሉ ይምጣና ልለውጥለት።» ሌላ የሚጨመር አለ ወይ ብላቸው ትንሽ አሰቡና «ስሜን በትልቁ አድርጊው» አሉኝ።

አቶ ይርጋ የተለወጠላቸውን ዘር ወንዝ ዳር በመስኖ ተክለውት በቅሏል። ልጃቸው ይህንንም ጽፋለች። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ክፍሉን ሰፊ መስኮት አወጡለት፤ ዘሩን በእንጨት መደርደሪያ ላይ አንጥፈው፣ ገዥ ሳይገዛ በፊት ገብቶ እንዲያይ ያደርጋሉ። ለመስቀል መጥተው ከእማዬ ጎን ተቀመጡ። እማዬ ሁለት ጊዜ አጎረሰቻቸው፤ ሦስተኛውን ለእኔ አጎረሰችኝ። አሁንስ ማነው እንደኔ? ባለፈው ሳምንት የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ይነሣልኝ ሊሉ መጥተው፣ ጋሽ ደምሴ ከአጠገባቸው ተቀምጠው «አይነሣም፣ አትድከም፤ መልስህን ጻፍ» ሲሏቸው ብትሰማ!

ማህሌትን ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች እማዬ። ምሕረትአብን አንተው ራስህ ሁለት ጊዜ ሳምልኝ፣ አንዱ የእኔ ነው። ጎረቤታችን እመቤቴ፣ የአጎታችን ልጅ ጥበቡ ከነሚስቱ ሰላም ይላሉ። አቶ ይርጋም አይተውህ ባያውቁም «ሰላም በይልኝ» ብለዋል። ጋሽ ደምሴ ግን ሰላምታቸውን በእኔ በኩል መላክ አልፈለጉም። ጥፋቴን ለሙላቴ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ ብለዋል። እሑድ ይደውሉልሃልና፣ ምንም እንዳልሰማህ ሆነህ እስከ መጨረሻው አድምጣቸው።

እህትህ የሺ
ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፳፭ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.