አራተኛውን አልለካሁትም

ቮሎስ፣ ማክሰኞ ረፋድ

ውድ የክርስትና አባቴ፣ ውድ ባርባ ፓንዴሊስ፣

ደብዳቤውን ሳያነቡ ቀደው እንዳይጥሉት እለምንዎታለሁ። መጀመሪያ አብሮት የታሰረውን እንጨት ይዩት። አወቁት? ያጣላን እሱ ነው! እጄ ግሪስ በግሪስ ነው፣ ወረቀቱም ቆሽሿል፤ እስክታጠብ መታገሥ ግን አልቻልኩም። የስኮፔሎስ መርከብ እኩለ ቀን ላይ ይነሣል፤ ከዚያ በፊት ይህን ለመርከበኛው ማድረስ አለብኝ። ስልክ እንደሆነ አያነሡልኝም። ቢያነሡም ኖሮ ዛሬ የምችለው መጮኽ ብቻ ነበር፤ ከደስታ ብዛት ነው።

በብርዱ ወራት ሁሉ የቀይዋን መኪናዬን ሞተር በትነው፣ ፒስተኑን፣ የፒስተኑን ቀለበት ፋሻውን፣ ቫልቩን አንድ በአንድ አድሰው ገጠሙልኝ። ሲጨርሱም የተለመደ ሕግዎን አወጡ። «አዲስ የተገጠመ ሞተር እንደ አራስ ነው። አምስት መቶ ኪሎሜትር ሳይሞላው አይጮኽበትም። እግርሽን ደግሞ አላምነውም፣ ስለዚህ እስከ ታች እንዳትረግጪው ከነዳጅ ፔዳሉ ሥር እንጨት እሰሪ» አሉኝ። አሰርኩ። የጎማውን ምንጣፍም መልሼ አለበስኩት።

ያንን አምስት መቶ ኪሎሜትር በባሕሩ ዳር ስንጎተት ትዝ ይልዎታል? ወይራ የጫነ ትራክተር አልፎን ሾፌሩ «ልግፋችሁ እንዴ?» ብሎ ሲያሾፍብን፣ እርስዎ በመስኮት ወጥተው «ሂድ አንተ! ለተራራው ውድድር ና፣ አቧራችንን ትበላለህ!» አሉት። እኔ በሣቅ መሪውን ልለቀው ነበር።

ከዚያ ያች ዓርብ መጣች። ከአራቱ ሲሊንደሮች ካንዴላዎቹን ፈታን። እርስዎ ሲሊንደሩ አየር ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚያሳየውን የኮምፕሬሽን መለኪያ ይዘው ከፊት ቆሙ፣ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኡራንያ፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠሻል?»

«ወለሉን ነክቻለሁ፣ ባርባ! ስንቴ ይጠይቁኛል?»

ማስነሻውን ሞተሪኖ ሳዞር በመጀመሪያው ሲሊንደር የመለኪያው መርፌ ስምንት ላይ ቆመ። ሁለተኛውም ስምንት፣ ሦስተኛውም ስምንት፣ አራተኛውም ያው ስምንት። ከአሥራ ሁለት በላይ ስንጠብቅ! ጎረቤታችን ስትራቶስ ከራሱ ጋራዥ እጁን እየጠረገ መጣና «ፋሻው አልያዘም፣ ሞተሩ ይውረድ» አለ። እርስዎ ግን ራስዎን ነቀነቁ። «አራቱም እኩል? አራት ሲሊንደር ተማምሎ አይበላሽም። ሌላ ነገር አለ፤ ጊዜ ስጡኝ» አሉ።

እኔ ደግሞ ያልኩትን አልኩ። «ጊዜ የት አለን? የተራራው ውድድር እኮ ደረሰ! ዓይንዎ ደክሟል ባርባ! ከእንግዲህ የሰው ሞተር ባይነኩ ይሻላል!» ስትራቶስ እንኳ አንገቱን ደፋ። እርስዎ መነጽርዎን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ ኪስዎ ውስጥ ከተቱትና «እሺ ልጄ» ብቻ ብለው ወጡ። በማግስቱ ስኮፔሎስ ደሴት ወደ ልጅዎ ቤት መሻገርዎን ሰማሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አጣሁለት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሞተሩን ግን አላወረድኩትም። ያች «ተማምሎ» ያሏት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። በየሲሊንደሩ አንድ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ ለካሁ፤ ቁጥሩ እምብዛም ከፍ አላለም። ፋሻው የሚያፈስ ቢሆን ዘይቱ ደፍኖት ቁጥሩ ይወጣ ነበር፤ እንግዲያው ፋሻው ንጹሕ ነው። የቫልቮቹን ምልክት አየሁ፤ ልክ እርስዎ እንደተዉት ነው። በቱቦ አየር ሞላንበት። ስትራቶስ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና «ይሄ ሞተር እንስራ ነው እንዴ? ጠብ አይልም!» አለ።

ይኼኔ ነው ልቤ መምታት የጀመረው። አየሩ የማይወጣ ከሆነ፣ ምናልባት መጀመሪያውኑ በደንብ አልገባ ይሆናል! ዛሬ ጠዋት ስትራቶስን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ አየሩ የሚገባበትን ካርቡሬተር ከላይ አየሁት። የአየር በሩ የጥፍር ያህል ብቻ ተከፍቷል።

«ርገጠው እንጂ!»

«ረግጬዋለሁ! ወለሉን ልብሳልሽ?»

ምንጣፉን ገለጥኩ። እንጨቱ! በገዛ ሽቦዬ እንደታሰረ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ «በ500 ይነሣ» ተብሎበት! እግሬ ለካ ሳምንታት ሙሉ ሲለምደው ወለል መስሎታል። ስትራቶስ መሬት ላይ ተቀምጦ ሣቀ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!» አለኝ።

ባርባ፣ እርስዎ ጠየቁኝ፤ ነክቻለሁ አልኩ፤ አመኑኝ። እርስዎ አልተበላሸም አሉኝ፤ እኔ አላመንኩዎትም። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ደስታውን ልንገርዎት። እንጨቱን አንሥተን እንደገና ለካን። የመጀመሪያው አሥራ ሁለት ተኩል! ሁለተኛው አሥራ ሁለት ተኩል! ሦስተኛውም! እንዲያ ስጮኽ የስትራቶስ ውሻ ሸሽቶ ጎማ ሥር ገባ። ስትራቶስ መለኪያውን ወደ አራተኛው ሲያስጠጋ ግን እጁን ያዝኩት።

«ምነው?»

«እሱን አልለካውም።»

«እሑድ ተራራ ልትወጪበት? አንሶ ቢገኝስ?»

«የገጠመው ባርባ ነው» አልኩትና ካንዴላውን መልሼ አጠበቅኩት።

መለኪያውን እርስዎ ከሚሰቅሉበት ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። የሐሙሱ መርከብ ሲገባ ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። እንጨቱን ይዘውት ይምጡ፤ ከፈለጉ ይመቱኝበታል። ባይመጡም እሑድ አራተኛውን ሳልለካው ተራራውን እወጣለሁ።

ወለሉን ሳትነካ ነካሁ ያለችው ልጅዎ፣
ኡራንያ