በልጄ ስም ያባረርኳት እንግዳ

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ እናት? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ደህና ነኝ ስልሽ ግን ስለ ጤናዬ ነው እንጂ ፊቴስ ከትናንት ጀምሮ በእፍረት እንደተቃጠለ ነው። ለሰው የማይወራውን ላንቺ ላውራውና ይውጣልኝ፤ ትናንት ጠዋት በገዛ ቤቴ፣ ያንቺ መኝታ ክፍል በነበረው በር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ተያዝኩ። የያዘኝ ደግሞ ማን መሰለሽ፣ ያ አፈኛው ቧንቧ ሠሪ። መታጠቢያ ቤቱን ሊያይ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። «እትዬ፣ በሩም ያፈሳል እንዴ?» አለኝ። ቶሎ ብዬ መወልወያውን አነሳሁና የተወለወለውን ኮሪደር እንደገና ወለወልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺን ለአንድ ወር ሥልጠና የመጣችውን ፋርማሲስት፣ አንቺ ክፍሉን በስልክ አከራይተሽ ያስገባሻትን፣ ብቻዋን ናት ብለሽኝ ነበር። እሷም ከመጣች ጀምሮ ማታ ማታ ኩሽና ብቅ ትልና የዋለችበትን እያወራችልኝ አብረን ሻይ እንጠጣለን። ከትናንት ወዲያ ግን ሻዩን አፍልቼ ብጠብቃት ቀጥ ብላ ክፍሏ ገባች። ሻዩ ቀዘቀዘ። ጠዋት ላይ ከክፍሉ የሁለት ሰው ድምፅ ሰማሁ። አትደንግጪ፣ ወንድ አይደለም። አንዱ ሳቅ ከልጅቷ ሳቅ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ።

ያልተነገረ ሰው ሲመጣ ምን እንደማደርግ ስንቴ ነግረሽኛል። ሰላም በይ፣ ማን እንደሆነ በጥሩ አፍ ጠይቂ፣ ከዚያ ለእኔ ደውይ፣ መፍቀዱንም መከልከሉንም ለእኔ ተዪው ብለሽኛል። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላደረግሁም። አንኳኳሁና ሳይከፈትልኝ ገባሁ።

ሴትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጅቷን ጸጉር ትሠራላታለች። ልጅቷ ወለሉ ላይ ናት፤ ግማሹ ጸጉሯ ተሠርቷል፣ ግማሹ እንደተበተነ ነው።

«እማማ፣ እናቴ ናት» አለችኝ ልጅቷ ብድግ እያለች። «ድንገት መጥታብኝ ነው። ትናንት ስትገባ እርስዎ ገበያ ሄደው ነበር። ለልጅዎም አሁን ልጽፍላት ነው።»

«የኔ እናት፣ በእኔ ቢሆን ምን ገዶኝ» አልኳት። «ልጄ ናት እንጂ። ልጄ ትርፍ ሰው አትወድም። ከሰማች አትምረኝም።»

አየሽ፣ በተቀመጥሽበት አውሬ አደረግሁሽ።

«የኔ እናት» ስል ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ አስተያየት ግን አልነበረም። «ልጅዎ ሩቅ ናት?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሩቅ ናት።»

«መቼ ትመጣለች?»

«በቅርቡ። ይህ ወር ሳያልቅ» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም።

ፊቷ በራ። «እንኳን ደስ ያለዎት። እንግዲያማ ቤት ማሰናዳቱም አለ፤ በዚህ ላይ እኔ ልጨመርብዎት?» አለችና ማበጠሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ያልተሠራውን ጸጉሯን በሻርፕ ሸፍና የእናቷን ሻንጣ ይዛ ወጣች። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፔንሲዮን አልጋ ይዛላት ብቻዋን ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ «ደህና ዋሉ» ከማለት በቀር አታናግረኝም። ሻዩንም እምቢ አለች።

ኢንተርኔቱ ላይ ስለ ቤታችን አስተያየት ስትጽፍ አንቺን ክፉ ናት ብትል አትከራከሪያት። ይቅርታውንም አንቺ በስልክ ጠይቂልኝ ልልሽ አስቤ ተውኩት፤ እስከ ዛሬ ስንቱን ነገር ባንቺ አሳበብኩ። ነገ ጠዋት ፔንሲዮኑ ድረስ እራሴ እሄዳለሁ። ክፍሉ ውስጥ ትርፍ ፍራሽ አንጥፌ አንሶላ ቀይሬያለሁ። መፍቀዱን ለእኔ ተዪው ያልሽው አልጠፋኝም፤ ይህችን አንዷን ብቻ ፍቀጂልኝ።

ይቅርታ መጠየቁ አይደለም የጨነቀኝ። ሴትየዋ ደግ ስለሆነች «ልጅዎስ፣ ቀኑን ቆረጠች?» ማለቷ አይቀርም። ዋሽቼ ነው እላታለሁ፣ ይሁን። «ታዲያ መቼ ነው?» ብትለኝስ? የምመልስላትን ሳሰላስል ዋልኩ።

በይ፣ ብርድ እንዳይመታሽ ልብስ ደርቢ። የምትገቢበት በር ሁሉ በፈገግታ ይከፈትልሽ፤ እንደ እናትሽ ያለ ሰው አይግጠምሽ። ሴትየዋ ተመለሰችም አልተመለሰችም፣ ያለችኝን ሁሉ፣ እኔም የመለስኩላትን፣ ሳልቀባባ ነገ ጽፌ እልክልሻለሁ።

የምትናፍቅሽ እናትሽ