«አለ» ላልቶ፣ «አለ» ጠብቆ

ጥር 6
ሦስተኛ ክፍሎችን ማላላትና ማጥበቅ አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ «አለ» ብዬ ጻፍኩ። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። ፊደሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። አንዷ ልጅ ታዲያ በጽሑፍ እንዴት እንለየዋለን አለችኝ። ከዓረፍተ ነገሩ ነዋ፣ አልኳት። ሁልጊዜ እንደማይለይ እያወቅኩ...
ማታ አባዬ ደወለ። ቧንቧው ያንጠባጥባል። እሁድ ሠራተኛ ይዤ እመጣለሁ አልኩት።

ጥር 9
አባዬ ወድቋል። ስትሮክ ነው አሉ። የተደወለው ለርዕሰ መምህሩ ነበር፤ መምህራኑ ሁሉ ሰምተው እኔ መጨረሻ ሰማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በመስታወት አየሁት። ጫማውን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ምን ላድርገው?

ጥር 15
እንደዚያው።

ጥር 21
ዛሬ ዓይኑን ገለጠ። ግን አያይም... ወይስ ያያል? እጄን ፊቱ ላይ አወዛወዝኩ። ምንም። ሐኪሙ መንቃትና ማወቅ ይለያያሉ አሉ። ታላቅ እህቴ ጥድፌ ጮኸችባቸው። ጥድፌ ያላት አባዬ ነው፣ በሩ ሳይከፈት ስለምትገባ። ስሙን አላጋነነውም።

ጥር 27
የአንጎል ሞገድ የምትለካው ባለሙያ መጣች። ሽቦ የበዛበት ኮፍያ አጠለቀችለት፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ። አንድ ድምፅ ይደጋገማል፣ ይደጋገማል... ከዚያ ሳይታሰብ ሌላ ይመጣል። አንጎል ደህና ከሆነ፣ ሰውየው ልብ ባይልም እንኳ፣ የተለየው ሲመጣ ስክሪኑ ላይ የምትሄደው መስመር ዘለል ትላለች። ማንም ሳያዘው! «የለመደውን ይተወዋል። ያልጠበቀውን ነው የሚይዘው» አለችኝ።
መጀመሪያ ጢጥ ጢጥ ነበር። ቀጥላ በቃል እንሞክር፣ ያውም በአንቺ ድምፅ አለች። «አለ» ላልቶ ብዙ ጊዜ፣ መሀል መሀል ላይ አንዴ ጠብቆ። ሳቄ መጣ። ትምህርቱ እዚህም ተከተለኝ። ምላሴ እስኪደርቅ አልኩላት።
መስመሯ ዘለለች። ትንሽ ናት፤ በጣቷ ባታሳየኝ አላያትም ነበር። ከሆስፒታሉ ደጃፍ ለጥድፌ መልእክት ላክሁላት፦ «አባዬ አለ!»

ጥር 28
ጉድ ሠራሁ። ጥድፌ አላልታ አነበበችው። «ምን አለ?» ብላ መልሳልኝ ኖሮ፣ የስልኬ ባትሪ አልቆ አላየሁትም። አባዬ ተናገረ ብላ ጠዋት ዘመዱን ሁሉ ሰብስባ መጣች። አክስታችን ብርቱካን ይዛለች። አልጋውን ከበው አፉን አፉን ያዩታል።
«ምን ብሎ ጀመረ? እስኪ እንዳለው አድርገሽ ንገሪን» አለችኝ ጥድፌ።
አልተናገረም አልኳት። ጠብቆ ነው። መኖሩን ለማለት ነው...
ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «መኖሩንማ እኔስ መቼ የለም አልኩ።»
ነርሷ ሰው በዛ ብላ አስወጣቻቸው። ብርቱካኑ ቀረ። አስተማሪ ነኝ እኮ! አንዲት ቃል መጨመር እንዴት ያቅተኛል?

የካቲት 3
ባለሙያዋን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። አንጎሉ ከለየ እሱ ሰምቶኛል ማለት ነው? የያዘችውን ኮፍያ ሽቦ አፍታታች። «አንጎሉ ሰምቷል። እሱ... እሱን አላውቅም።»
አንጎሉና እሱ ምንና ምን ናቸው? የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

የካቲት 5
የለመደውን ይተወዋል ብላለች። እኔ ደግሞ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገብቼ «እንዴት ዋልክ አባዬ፣ ደህና ነህ?» ነው የምለው። ዛሬ ለወጥኩ። ዘፈንኩለት። የአልጋውን ብረት በማንኪያ አንኳኳሁ። መጨረሻ ላይ «አንተ ጅል ሽማግሌ!» አልኩት፣ በዕድሜዬ ብዬው የማላውቀውን። ምንም። ነርሷ በክፉ ዓይን አየችኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 19
ሁለተኛው ምርመራ። ያው ኮፍያ፣ ያው የእኔ ድምፅ። መስመሯ ዝም ብላ ሄደች። ባለሙያዋ ሦስት ጊዜ ደገመችው። አለመታየቱ የለም ማለት አይደለም አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ ሽቦዎቹን እየጠቀለለች። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ እዚህ የምናደርግለት የለም፣ ቤት ውሰዱት አሉ። ጥድፌ አልተቆጣችም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

የካቲት 24
እኔ ቤት አስገባነው። አልጋው ሳሎን። በቱቦ መመገብ፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። ነርሷ ትንፋሹን ጠብቁ፣ ድምፁ ከተለወጠ ሳንባው ውኃ እያቋጠረ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ደውሉ ብላለች። ይኸው ተቀምጬ እያዳመጥኩ ነው። እያንዳንዷ ትንፋሽ ብድግ ታደርገኛለች። ሌላ የማደርግለት ምን አለኝ?

መጋቢት 4
ሥራ ጀመርኩ። ጠዋት ጥድፌ ትጠብቀዋለች፣ ከሰዓት እኔ።

መጋቢት 11
ምንም የሚጻፍ የለም። ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ።

መጋቢት 20
ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ መጣች። ቅዳሜ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ አጠገቡ ነበርኩ፤ እግርጌው ተቀምጬ የልጆቹን ደብተር አርማለሁ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመች። አንገቷን ዘንበል አደረገች።
«ትንፋሹ እንዲህ የተለወጠው ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«የቱ ትንፋሽ?» አልኳት።