ከቅዳሜው ምሳ በፊት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ ይይዝሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም "ደህና ነኝ" እያልሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትወጪው? እማዬ እንዴት ናት? ባልሽስ፣ ያ ሳቅ የማይሰለቸው ሰው? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ እግዜር ይመስገን። አባባስ እንዴት ነው? አባባን መጨረሻ ላይ የጠየቅሁት ረስቼው አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እሱ ስለሆነ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። "ይኼ ልጅ ደግሞ ምን ነካው" ስትይ ከዚህ ይሰማኛል። ስልክ ላይ ግን አንቺም ትቸኩያለሽ፣ እኔም እፈራለሁ፤ ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም። መጀመሪያ ባለፈው ወር የሆነውን ልንገርሽ። እሱን ካላወቅሽ የምለምንሽ ነገር አይገባሽም።

እዚህ ሰው አገር አብረን የምንኖረው አራት ነን፤ እኔ፣ ቀለም ቀቢው፣ ሾፌሩና ዳኛው። ዳኛው እውነተኛ ዳኛ እንዳይመስልሽ፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነው። ሳህን ማጠብ የማን ተራ እንደሆነ የሚፈርደው እሱ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። ቀለም ቀቢው ከሁላችንም ዝምተኛው ነው። ሲበላ እንኳ ድምፁ አይሰማም፤ ሁለት ሦስቴ ቀማምሶ "ጠገብኩ" ብሎ ይነሳል።

አንድ ማክሰኞ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አንሶላ መተኮሻው ማሽን አጠገብ ስልኬ ጮኸ። የቀለም ቀቢው ወንድም ነበር። እናታቸው ማረፏን ነገረኝ። "እኛ አንነግረውም፤ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ። እባክህ፣ ባዶ ሆዱንም አይስማ፤ አንድ ነገር ቀምሶ ይሁን" አለኝ። እጄ ላይ የነበረው አንሶላ ተጨማድዶ ማሽኑ ውስጥ ገባ። አለቃዬ ስትጮህብኝ ምን እንደምትል አልሰማሁም።

ከሥራ ስንመለስ ሦስታችን ፌርማታው ላይ ቆመን ተመካከርን። ዳኛው ፈረደ። "መሰላል ላይ የሚውል ሰው ነው፤ በሥራ ቀን አይነገረውም፤ ቅዳሜ ይሁን" አለ። ቤት ውስጥ እንዳናበላው ደግሞ ከእኛ እጅ የሚወጣውን ምግብ እንኳን ሐዘንተኛ ጤነኛም አይበላውም። ስለዚህ ከፌርማታው ፊት ለፊት ያለችው ጣሊያን ምግብ ቤት ልንወስደው ተስማማን። ሁልጊዜ በመስኮቷ እያየን "አንድ ቀን እንገባለን" የምንላት ቤት ናት። በልቶ ሲያበቃ እኔ እነግረዋለሁ፤ የተደወለው ለእኔ ነውና። እነዚያን አራት ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው አትጠይቂኝ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያፏጭ በሰማሁ ቁጥር ጫማዬን አጥልቄ ወደ ውጭ እወጣ ነበር።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ገባን። ጠረጴዛዎቹ ቀይና ነጭ ባለ ዳማ ላስቲክ ለብሰዋል፤ በየጠረጴዛው ዘይትና ኮምጣጤ በጠርሙስ ቆሟል፤ ከምድጃው የትኩስ ዳቦ ሽታ ይመጣል። ሜኑው ሥዕል ስለነበረው አላፈርንም፤ በጣታችን እየጠቆምን አዘዝን። ሾፌሩ ፒዛ፣ ዳኛው ላዛኛ፣ ቀለም ቀቢውና እኔ ስፓጌቲ በስጎ። "የምን ግብዣ ነው?" ብሎ እንኳ ቀለም ቀቢው አልጠየቀንም።

ያ ዝምተኛ ሰው ያን ዕለት አንደበቱ ተፈታ። ስለ እናቱ ያወራ ጀመር። "እናቴ ይህን ስፓጌቲ ብታይ፣ 'ልጄ፣ ሹራብ ተርትረው ነው እንዴ ያቀረቡልህ?' ነው የምትለው" አለ። ሳቅን። "እናቴ እኮ ሰው ሁሉ በልቶ ሳይጨርስ አትቀመጥም። ተቀመጪ ሲሏት ጨው ልታመጣ ትነሳለች፤ ጨው ካለ ውሃ" አለ። ሾፌሩ ከሳቁ ጋር ዕንባው መጣበትና "ሚጥሚጣው ነው" ብሎ ፊቱን ሊታጠብ ሄደ። ፒዛው ላይ ሚጥሚጣ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቀለም ቀቢው ግን ይበላል። ስፓጌቲው ሲያልቅ ሁለተኛ ሳህን አዘዘ፤ ዳቦ አስጨመረ፤ ፎርማጆ አስፈቀፈቀ። እኔ ሹካዬን አስቀምጬ ጉሮሮዬን በጠረግሁ ቁጥር "ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም" ይለኛል። ተመጋቢው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። አስተናጋጇ ጠረጴዛዎቹን ወልውላ ወንበሮቹን ገለበጠች፤ የእኛ ብቻ ቀረ። በመጨረሻ ሳህኑ ላይ የቀረውን ስጎ በዳቦ ጠርጎ በላ፤ አፉን በሶፍት ጠረገ፤ ሶፍቱን አራት ቦታ አጥፎ አስቀመጠና ዐይኔን እያየ "አሁን ንገረኝ" አለኝ።

እሱ ራሱ ቀጠለ። "ሦስታችሁም ተላጭታችሁ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳችሁ በር ላይ ስትጠብቁኝ ገብቶኛል። ግን እስኪነገረኝ ድረስ እናት አለችኝ ብዬ ነው። ለዚያ ነው ቀስ ብዬ የበላሁት" አለ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አቅፈነው አብረን አለቀስን። አስተናጋጇም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ውሃ አመጣችልን።

ፌርማታው ላይ ስንደርስ "መቼ ነው የሰማችሁት?" አለኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ "ማክሰኞ" አልኩት። "አራት ቀን ሙሉ ሳፏጭ ዝም ብላችሁ ሰማችሁኝ?" አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። እውነቱን ነው። እኛ የራራንለት መስሎን ነበር፤ እሱ ግን እናቱ ስትቀበር መሰላል ላይ ሆኖ ሲያንጎራጉር ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። አባባን በስልክ ካገኘሁት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። መጀመሪያ "ወጣ ብሏል" አልሽኝ፤ ቀጥሎ "ተኝቷል"፤ ባለፈው እሁድ ደግሞ "ጉሮሮውን ስላመመው መናገር አይችልም"። እታለም፣ አባባ እኮ ጉሮሮውን ቢያመው ሳሉን ሊያሰማኝ ስልኩን የሚቀማሽ ሰው ነው። እማዬ "በልተሃል?" ብላ ብቻ መልሳ ሰጠችሽ። ባልሽም አልሳቀም። ጥርሰ ወላቃዋ ልጅሽ "አጎቴ፣ አያቴ እኮ..." ብላ ስትጀምር አንድ ሰው ከስልኩ ወሰዳት፤ ሰምቻለሁ።

ረቡዕ ዕለት ሾፌሩ ሸሚዙን ሲተኩስ አገኘሁት። በሕይወቱ ተኩሶ አያውቅም፤ ሁሌ ለእኔ ነው የሚወረውረው። ዳኛው ደግሞ የጫማውን ክር እያየ፣ "ቅዳሜ ምሳ እንውጣ እንዴ? እዚያችው ጣሊያን ቤት" አለኝ። "እሺ" አልኩ፤ ምን ልበል? ትናንት ጠዋት ደግሞ ለሥራ ስወጣ ቀለም ቀቢው በር ላይ ትከሻዬን ያዝ አደረገና፣ "ቅዳሜ ስትበላ አትቸኩል" አለኝ። እሱ ሳያውቅ እንዳፏጨው እኔም እንዳፏጭ አልፈለገም መሰለኝ።

ለእነሱ ስለደወልሽ አልቆጣሽም። በሰው አገር ብቻዬን እንዳልወድቅ አስበሽ እንደሆነ ይገባኛል። ለራስሽ ሳታለቅሺ ለእኔ የሚሆን ውሸት ስትፈልጊ ሰንብተሽ ይሆናል፤ ከሁሉ ያሳዘነኝ እሱ ነው። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ቤታችን ውስጥ የሚሆነውን፣ ክፉም ቢሆን፣ አንቺው ራስሽ ደውለሽ ንገሪኝ። ባዶ ሆዴንም ብሆን፣ ሥራ ላይም ብሆን። አብረን እናልቅስ። "አንተስ ለምን አልደወልክም?" ትይኝ ይሆናል። ከረቡዕ ጀምሮ ስልኩን ከኪሴ ስንቴ እንዳወጣሁት፣ ስንቴ እንደመለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ፈራሁ፣ እታለም። ንገሪኝ እያልኩሽ እንኳ እፈራለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ በልቷል በያት። ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ በእኔ ምክንያት ሳቅ ለማስመሰል እንዳይደክም። ታላቁ ልጅሽ በትምህርቱ እንዲበረታ ንገሪልኝ። ጥርሰ ወላቃዋን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ማንም እንዳይቆጣት፤ ምንም አላጠፋችም።

ለአባባም ሰላም በይልኝ። የላክሁለት ሹራብ እጅጌው ከረዘመበት ጠቅልሎ ይልበሰው። ስልክ ስዘጋ ሁሌ እንደምለው ነው ያልኩት፤ እስከ ነገ ምሳ ድረስ ሰላም በሉልኝ የምለው አባት አለኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ፣ ከመተኮሻው ማሽን አጠገብ
ዐርብ፣ ኅዳር 12 ቀን